ለሲ.ኤን.ሲ. መኪና የሽቦ መያዣና መከለያ ዕቃዎች አመራረጥ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው ባለው የቡና አገር ስለ ንግድ ሲነገር፣ ስለ ጆንያ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ መፈልፈያ መኪናና ስለ ጭነት ኪራይ ብዙ ይባላል። ሽቦን ስለሚይዙና ስለሚከልሉ ጥቃቅን ዕቃዎች ግን የሚናገር እምብዛም አይገኝም። ዕቃዎቹ በመደርደሪያ ጥግ ከምስማርና ከብሎን ሣጥን አጠገብ የሚቀመጡ ስለሆኑ፣ ሻጩም ገዥውም ከቁም ነገር አይቈጥራቸውም። ሆኖም ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያዩ ከቍጥር የማይገቡት እነዚህ ዕቃዎች፣ ያለ ቦታቸው የተገዙ እንደ ሆነ መኪናውን በሥራ ወራት ያቆሙታል፤ ሲብስም በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ያደርሳሉ። ስለዚህ ለአስመጪዎች፣ ለጅምላ ሻጮችና ለባለሱቆች የሚጠቅመውን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለምሳሌ የመረጥነው ሲ.ኤን.ሲ. የተባለውን መኪና ነው። ይህ መኪና መቁረጫውን የሠራተኛ እጅ ሳይሆን ኮምፒዩተር በቍጥር ትእዛዝ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚነዳው ነው። በቍጥር የሚታዘዝ መኪና በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1952 ለሕዝብ በታየ ጊዜ፣ መቈጣጠሪያው ከመኪናው ከራሱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዝ ነበር። ዛሬ ግን መቈጣጠሪያው በመዳፍ የሚያዝ ሰሌዳ ሆኗል። ሞተሮቹና ሰሌዳው ከውጭ አገር፣ ይልቁንም ከቻይና ተገዝተው ይመጣሉ፤ አካሉ በአገር ውስጥ ከቱቦላሬና ከላሜራ ተበይዶ ይሠራል። እንዲህም ስለሆነ ብየዳ የሚችልና የኤሌክትሪክ ሥራ የተማረ ሰው በገዛ ወርክሾፑ ውስጥ መኪናውን ገጣጥሞ ሊያቆም ይችላል። መቁረጫው የእንጨት የሆነ እንደ ሆነ በርና የቤት ዕቃ ይቀርጻል፤ ፕላዝማ የተገጠመለት እንደ ሆነ ደግሞ ላሜራ በልኩ ይቈርጣል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በቴፒ ግቢው የምህንድስና ትምህርት የሚሰጥ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ለመሞከር የሚነሣ ወጣት በአካባቢው አይጠፋም፤ የሽቦውንና የማሰሪያውን ዕቃ የሚፈልገውም ከቅርብ ሱቅ ነው።

ይህ ነገር ለቡና አገር የሚኖረው ጥቅም በመኸር ወራት ይገለጻል። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መሽተትና መበላሸት ይጀምራል፤ የታጠበ ቡና ሆኖ ሊያወጣ የሚችለውንም ዋጋ ያጣል። በዚያ ሰዓት የመፈልፈያው ወንፊት ወይም መከለያ ላሜራ ቢቀደድ፣ ምትኩን ከአዲስ አበባ ማምጣት በጅማና በቦንጋ በኩል ከ500 ኪሎሜትር በላይ መንገድ ማስኬድ ነው። በከተማው ውስጥ ላሜራ የሚቈርጥ መኪና ቢኖር ግን ሥራው በግማሽ ቀን ያልቃል። የሚኖር ከሆነ ነው እንጂ፣ ያ መኪና ራሱ በአንድ የተበጠሰ ሽቦ ምክንያት ቆሞ ከተገኘ ባይሠራ ይሻል ነበር፤ ደንበኛው እርሱን ተማምኖ ወደ አዲስ አበባ ሳይልክ ቀርቷልና።

ታዲያ ሽቦው ለምን ይበጠሳል? ዋናው ምክንያት በቤት ውስጥ የሚቀመጥን ሽቦና ከመኪና ጋር የሚንቀሳቀስን ሽቦ አንድ አድርጎ መሸጥ ነው። በግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ሽቦ አንድ ድፍን መዳብ ወይም ጥቂት ወፍራም ክሮች ያሉት ነው። አንድ ጊዜ ተዘርግቶ በዚያው ለዘለዓለም ስለሚተኛ ምንም አይሆንም። በሲ.ኤን.ሲ. መኪና ላይ ያለው ሽቦ ግን መቁረጫው በተመላለሰ ቍጥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ይህን ብዙ ሺህ ጊዜ ያደርጋል። ድፍኑ መዳብ እንዲህ ሲደረግበት፣ ምስማር በእጅ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ እንደሚቈረጠው በውስጡ ይቈረጣል። ከላይ ያለው ላስቲክ ደኅና ሆኖ ስለሚታይ ጥፋቱ በዐይን አይገኝም፤ መኪናው አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንዳንድ ጊዜ ይቆማል፤ ባለቤቱም ሞተሩ ወይም ሰሌዳው የተበላሸ መስሎት ሌላ ውድ ዕቃ ይገዛል።

በዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ የሽቦ መዳብ በክፍል ተለይቷል። ክፍል 1 ድፍን፣ ክፍል 2 በወፍራም ክሮች የተገመደ፣ ክፍል 5 በቀጫጭን ክሮች የተገመደና የሚተጣጠፍ፣ ክፍል 6 ደግሞ ከዚያም የቀጠነ ክር ያለው ነው። ለሚንቀሳቀስ መኪና ቢያንስ ክፍል 5፣ ከተገኘም ክፍል 6 ያስፈልጋል። ባለሱቁ ይህን ሁሉ በቃሉ እንዲይዝ አንጠይቅም። ነገር ግን አንድ ደንበኛ መጥቶ «የመኪና ሽቦ ስጠኝ» ሲለው፣ ቈርጦ ከመስጠቱ በፊት «ሽቦው ይንቀሳቀሳል ወይስ በአንድ ቦታ ይቀመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከጭቅጭቅና ዕቃ ከማስመለስ ይድናል።

የሚንቀሳቀሰውን ኬብል የሚሸከመው ዋናው ዕቃ የኬብል ሰንሰለት ይባላል። ጀርመናዊው ጊልበርት ቫኒንገር እ.ኤ.አ. በ1953 በብረት የፈለሰፈው ሲሆን፣ ኋላ ከጠንካራ ላስቲክ እየተሠራ ዋጋው ረከሰ። አንዱ ቀለበት ከሌላው ጋር ተያይዞ እንደ እባብ አከርካሪ በአንድ በኩል ብቻ ይታጠፋል፤ ኬብሎቹም በውስጡ ይተኛሉ። በገበያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በአንድ ሜትር ርዝመት የተቈረጠ ጥቍር ሰንሰለት ነው። መጠኑ በሁለት ቍጥር ይጠራል፤ ለምሳሌ «15 በ30» ቢባል፣ የውስጡ ከፍታ 15 ሚሊሜትር፣ የውስጡ ስፋት 30 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ሦስተኛም ቍጥር አለ። እርሱም «አር» ከሚለው ፊደል በኋላ የሚጻፈው የመታጠፊያው ራዲየስ ነው። ገዥው ሁለቱን ቍጥሮች አይቶ ሦስተኛውን ይተዋል፤ የጥፋቱም ሁሉ መነሻ ያ የተተወው ቍጥር ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። የሚንቀሳቀስ ኬብል ያለ ጉዳት እንዲታጠፍ፣ የመታጠፊያው ራዲየስ ቢያንስ ከኬብሉ የውጭ ውፍረት ሰባት ተኩል ጊዜ፣ ደኅና ዕድሜ እንዲኖረው ከተፈለገም ዐሥር ጊዜ ያህል መሆን አለበት። የውጭ ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር የሆነ ኬብል 37.5 ሚሊሜትር ስለሚጠይቅ፣ ራዲየሱ 38 በሆነ ሰንሰለት ውስጥ ይኖራል። መቁረጫውን የሚያዞረው የትልቁ ሞተር ኬብል ግን የውጭ ውፍረቱ 9 ሚሊሜትር ቢሆን 67.5 ሚሊሜትር ይፈልጋል። በዚያው በ38 ሰንሰለት ውስጥ ቢከቱት ይገባል፤ መግባቱም ነው ሰውን የሚያታልለው። ይገባል እንጂ አይኖርም። ለእርሱ ራዲየሱ 75 የሆነ ሰንሰለት ማቅረብ ይገባል።

ርዝመቱን ለማስላት መቁረጫው የሚመላለስበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። መንገዱ 1,200 ሚሊሜትር ነው እንበል። የሰንሰለቱ ቋሚ ጫፍ በመንገዱ መካከል ቢታሰር፣ የሚያስፈልገው የመንገዱ ግማሽ 600፣ ለመታጠፊያው ራዲየሱን በ3.14 ሲያባዙ 119፣ ለመጠባበቂያም ሁለት ቀለበት ያህል ተጨምሮ በጠቅላላው ወደ 780 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሜትሩ ይበቃል። ቋሚው ጫፍ በመንገዱ መጨረሻ ላይ ቢታሰር ግን 1,380 ያህል ስለሚያስፈልግ ሁለት መግዛት ግድ ይሆናል። ይህን ለደንበኛው የሚነግር ባለሱቅ አንድ ሰንሰለት ሳይሸጥ ይቀራል፤ በዚያው ልክ ሰውየው በሚቀጥለው ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው።

ሌላው መታወቅ የሚገባው፣ በአንድ መኪና ላይ ያሉት ሰንሰለቶች እኩል አለመሆናቸው ነው። በጎን በኩል የሚሄደው የመጀመሪያው ሰንሰለት በድልድዩ ላይ ያሉትን የሞተሮችና የማቆሚያ ማብሪያዎች ኬብል ሁሉ ይሸከማል፤ በድልድዩ ላይ ያለው ሁለተኛው ግን ወደ መቁረጫው ራስ የሚሄዱትን ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የፊተኛው ሰፋ ያለ መሆን አለበት። በውስጡም ኬብሎቹ ተጨናንቀው እንዳይፋተጉ ከእያንዳንዱ ውፍረት ከመቶ ዐሥር እጅ ያህል ነጻ ቦታ ይተውላቸዋል፤ የአየር ጐማ ቱቦ ካለበት ከመቶ ሃያ እጅ። ኬብሎቹን በሰንሰለቱ ውስጥ አንድ ላይ ጠፍሮ ማሰር ክልክል ነው። የሚታሰሩት በሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ነው፤ በመካከል ነጻ ሆነው ጎን ለጎን መተኛት አለባቸው።

እዚህ ላይ ለአስመጪዎች አንድ ነገር እናሳስባለን። ሰንሰለቱ ቀለበቱ እየተፈታ በሚፈለገው ርዝመት ሊሸጥ ይችላል። ነገር ግን በመኪናው ላይ የሚታሰርበት ሁለት የጫፍ ማሠሪያ አለው፤ አንድ ሜትሩም ሲመጣ የሚመጣው ከአንድ ጥንድ ማሠሪያ ጋር ነው። ባለሱቁ 780 ሚሊሜትር ሸጦ የቀረውን 220 ሚሊሜትር በመደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጥ፣ ማሠሪያ የሌለው ቁራጭ ይሆንበታል፤ የሚገዛውም የለም። ከፋብሪካው ትርፍ ማሠሪያዎች ለብቻ ይታዘዛሉ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ቁራጩን ሁሉ ወደ ገንዘብ የሚለውጡት ግን እነርሱ ናቸው። የትእዛዝ ደብዳቤ ሲጻፍ የውስጥ ከፍታና ስፋት፣ ራዲየስና የትርፍ ማሠሪያ ብዛት አብሮ ይጻፍ።

ኬብሉ ወደ መቈጣጠሪያው ሣጥን የሚገባበትን ቀዳዳ የሚዘጋው ግላንድ ነው። በቴፒና በሚዛን አገር ይህ ዕቃ ከሌላ ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል። በዓመት ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበትና አየሩ ለብዙ ወራት እርጥብ የሆነ ምድር ስለሆነ፣ በክፍት ቀዳዳ የሚገባው እርጥበት ከእንጨት ብናኝ ጋር ተደባልቆ በሰሌዳው ላይ ጭቃ ይሆናል። ግላንድ ሲገዛ ክሩ የሜትሪክ ነው ወይስ የድሮው የጀርመን ፒ.ጂ. ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሁለቱ በዐይን ይመሳሰላሉ፤ አይገጥሙም። ፒ.ጂ. 13.5 የሚባለው የክሩ የውጭ ስፋት 20.4 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ኤም 20 የሚባለው ሜትሪክ ልክ 20 ነው። ይህች አራት ነጥብ ብቻ አይደለችም፤ የክሩም ጥርስ የተለየ ስለሆነ የአንዱ ዳዶ ለሌላው አይሆንም። አንድ ሱቅ አንዱን ዐይነት መርጦ ቢይዝ ይሻላል፤ የእኛ ምርጫ ሜትሪክ ነው፤ ዛሬ አዲስ የሚሠሩ ሣጥኖች አብዛኞቹ በእርሱ ስለሚበሱ። ግላንዱ አጥብቆ የሚይዘው የኬብል ውፍረት በካርቶኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በውስጡ ያለው ጐማ ኬብሉን ዙሪያውን ካልጨበጠው ውኃ መከልከሉ ስም ብቻ ነው። በአንድ ግላንድ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ማስገባትም ጥቅሙን ያስቀረዋል።

ስለ ውኃና አቧራ መከላከል በሣጥኑ ላይ «አይ.ፒ.» ተብሎ ሁለት ቍጥር ይጻፋል። የፊተኛው የአቧራን፣ የኋለኛው የውኃን መከልከል ያሳያል። 54 የተባለው ብናኝንና ርጭትን ያህል ይከላከላል፤ 65 የተባለው አቧራ ጨርሶ አያስገባም፣ በጐማ የሚረጭ ውኃም ይችላል። ለእንጨት ሥራ ቤት 54 ይበቃል። በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ለሚቆም ሣጥን ግን ከ65 በታች ማቅረብ አይገባም።

ኬብል ታይ የሚባለው የናይለን ማሰሪያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታሰበው ለአውሮፕላን ሽቦዎች ነበር። ነጩና ጥቍሩ በቀለም ብቻ የሚለያዩ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ፀሐይ የሚያየው ቦታ ላይ የታሰረ ነጭ ናይለን ጥቂት ቈይቶ ይሰባበራል፤ ጥቍሩ፣ ከሰል የተደባለቀበት እውነተኛው ዐይነት ከሆነ፣ ይቈያል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ነጩ፣ ከደጅና ከማድረቂያ አልጋ አጠገብ ጥቍሩ ይሸጥ። ናይለን ከደረቀ ስለሚሰባበር ከረጢቱ ተከፍቶ በመስኮት አጠገብ መቀመጥ የለበትም። ማሰሪያውን በፒንሳ እየሳቡ ኬብሉ እስኪሰረጐድ ማጥበቅም እንደ ልማድ ሆኗል፤ ይህ ኬብሉን መጭመቅ እንጂ ማሰር አይደለም።

የኀይልና የትእዛዝ ሽቦዎችን ስለ መለየት ጥቂት እንበል። ለመቁረጫው ሞተር 220 ቮልት የሚወስደው ኬብልና ከማቆሚያ ማብሪያዎች ቀጭን መልእክት የሚያመጣው ሽቦ ተያይዘው ከሄዱ፣ የመጀመሪያው ኋለኛውን ያውከዋል፤ መኪናውም ያለ ትእዛዝ ይቆማል። ሁለቱን ማራራቅ፣ ካልተቻለም በሰንሰለቱ ውስጥ በክፍልፋይ መለየት ነው። የሞተሩ ኬብል የመዳብ መረብ የለበሰ ቢሆን ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ግን የመሬት ሽቦው አይረሳ። የድልድዩ ብረት በተሽከርካሪ ኩሽኔታ ላይ ስለሚሄድ ከአካሉ ጋር የኤሌክትሪክ ግንኙነቱ የሚታመን አይደለም፤ ስለዚህ አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት ሽቦ በሰንሰለቱ ውስጥ አልፎ ድልድዩንም የመቁረጫውንም ራስ ለየብቻ መያዝ አለበት። ሽቦው በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ የጐማ ቀለበት ይደረግ። ሹል የላሜራ ጠርዝ ላስቲኩን ከበላው በኋላ፣ መኪናውን የነካ ሠራተኛ የሚያገኘው ያንን 220 ቮልት ነው።

አሁን ወደ ማጭበርበሩ እንመለስ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መዳብ ውድ ዕቃ ሆኗል፤ ዕቃ ሲወደድም አስመሳዩ ይበዛል። በውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ በላዩ ላይ ስስ መዳብ የተለበጠበት ሽቦ «መዳብ» ተብሎ ይሸጣል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ ከመቶ 61 እጅ ያህል ነው፤ ስለዚህ በዚያው ውፍረት ይበልጥ ይሞቃል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይበጠሳል። ጫፉን በቢላዋ ቢፍቁት ነጩ ይታያል። ከዚህ የሚበልጠው መፈተኛ ግን በቡና አገር ሱቅ ሁሉ የሚገኘው ሚዛን ነው፤ ሚዛን የከተማይቱ ስም ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ አንድ ነጠላ ሽቦ በ100 ሜትር ጥቅል ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን 2.2 ኪሎግራም ያህል ይመዝናል። 1.5 የሆነው 1.3 ኪሎግራም ያህል ነው። ይህ ያለ ላስቲኩ ነው። እንግዲህ 2.5 የተባለው ጥቅል ከነላስቲኩ ሁለት ኪሎግራም ካልሞላ፣ ወይ መዳብ አይደለም፣ ወይ ውፍረቱ የተባለውን አያህልም፣ ወይ ሜትሩ ጐድሏል። ከሦስቱ አንዱ መሆኑ እንጂ የትኛው መሆኑ ለገዥው ልዩነት የለውም። ጅምላ ሻጩ በሚያስረክብበት ጊዜ ጥቅሉ በፊቱ ይመዘን።

ለአስመጪዎች ደግሞ፣ እነዚህ ዕቃዎች በአንድ ካርቶን ቢመጡም በጉምሩክ ታሪፍ አንድ አይደሉም። የተሸፈነ ሽቦና ኬብል በ85.44፣ የላስቲክ ቱቦና ኮንዲዩት በ39.17፣ የናይለን ማሰሪያ በ39.26 ይመደባሉ። ሁሉንም «የኤሌክትሪክ ዕቃ» ብሎ በአንድ መስመር በሰነድ ላይ ማስፈር ዕቃውን ያቈየዋል። የየብቻው ዝርዝር፣ ብዛትና ዋጋ ይጻፍ፤ ስለ ሰንሰለቱ አመዳደብም ዕቃው ከመጫኑ በፊት ከጉምሩክ አስተላላፊው ጋር መመካከር ይበጃል።

በቴፒና በበበቃ ዙሪያ ባለው ቈላማ ምድር ቡናው ከመስከረም ጀምሮ ይደርሳል፤ በሚዛን ዙሪያ ያለው ደጋማው ዘግየት ይላል። ወርክሾፖች መኪናቸውን የሚያድሱት ከዚያ በፊት በክረምቱ ወራት ስለሆነ፣ ዕቃው በመደርደሪያ ላይ መገኘት ያለበት እስከ ሐምሌ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያዝዝ ሱቅ የሚበቃው ይህን ያህል ነው፤ 15 በ30 ሰንሰለት ራዲየሱ 38 የሆነ፣ 25 በ57 ራዲየሱ 75 የሆነ፣ ለሁለቱም እጥፍ የጫፍ ማሠሪያ፤ ኤም 16ና ኤም 20 ግላንድ፤ ጥቍር ማሰሪያ በሁለት ርዝመት፤ ክፍል 5 የሆነ ባለ አራት ሽቦ ኬብል በ0.75ና መረብ ለብሶ በ1.5 ሚሊሜትር ካሬ። ኬብሉ በሜትር ሲሸጥ ከጥቅሉ እየተንከባለለ ይፈታ እንጂ ከጎን እየተመዘዘ አይውጣ፤ የተጠመዘዘ ኬብል በሰንሰለት ውስጥ ቀጥ ብሎ አይተኛም።